ከቁናው በፊት ወሩን ይስማሙ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ከሰው ጋር ከሚሰጣጣው ነገር በብር የሚያልፈው ከፊሉ ብቻ ነው። አረሙን በወንፈል ያርማል፤ አንድ በሬ ብቻ ካለው ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ ጉልበት ካጠረው ማሳውን በእኩል ይሰጣል፤ ግጦሽ ካነሰው ላሙን ለርቢ ያወጣል፤ ማረሻውን ሲስልለት ለከረመው ቀጥቃጭም ምርት ሲገባ እህል ይሰፍርለታል። ይህን ሁሉ አባት ለልጅ እያሳየ ስላወረደው መመሪያ የሚያሻው አይመስልም። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ጠብ ሲጣራ ግን ሥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚሁ ውሎች ውስጥ ሳይነገር በታለፈ ነገር ላይ ነው። እዚህ የሚቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ ያለ ብር የሚደረግ ልውውጥ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋናው ጊዜው አለመቆጠሩ ነው። የሐምሌ ቁናና የጥር ቁና በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም፤ የአረም ወቅት የሥራ ቀንና የበጋ የሥራ ቀንም እንዲሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች ሲከተሉ “ስንት?” ከማለትዎ በፊት “መቼ?” ማለትን ይልመዱ።

የመጀመሪያው እርምጃ ምኑ በለውጥ፣ ምኑ በብር እንደሚያልፍ መለየት ነው። ጉልበት፣ በሬ፣ ግጦሽ፣ ጭድ፣ እህል፣ ሸክላ፣ ፈትል፣ ሽመና፦ የእነዚህ ሰጪም ተቀባይም እዚያው አካባቢ ነውና በለውጥ ቢያልፉ ችግር የለም። የመሬት ግብር፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የፓምፕ ናፍጣ ግን ክፍያቸው የሚያልቀው ከመንደር ውጭ ነው፤ እነዚህን በለውጥ ተስፋ የያዘ ሰው ብር በሚጠየቅበት ቀን እህል ታቅፎ ይቀራል። እንደ ብርና ላህ ባሉ ወንዞች ዳር ፓምፕ ያለው፣ ማሳ ያለውና ጉልበት ያለው ተጣምረው ሽንኩርት ወይም ድንች ሲያለሙ ምርቱን ሲሶ በሲሶ መካፈል ይችሉ ይሆናል። ናፍጣው ግን ከክፍፍሉ አስቀድሞ ለብቻው በብር ይተመን፤ ማን እንደሚያወጣው፣ መቼ እንደሚመለስለትም ይታወቅ።

“ብር ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?” የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው ሐምሌ ላይ ነው። በቆሎው አረምና ኩትኳቶ ይፈልጋል፣ የጤፍ ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ ዘር ይጠብቃል፣ ጎተራው ተንጠፍጥፏል፣ በእጅ የነበረችው ብር ለማዳበሪያ ወጥታለች። ሁሉም ሰው ጉልበት የሚፈልግበትና ብዙው ሰው ብር የሚያጣበት ወር አንድ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ወር የግድ በብር ላሠራ ያለ ሰው ወይ ጊደሩን በርካሽ ይነዳል፣ ወይ ገና ያልደረሰ እህሉን በማሳው ላይ ይሸጣል። ብሩም ቢሆን ባለበት አይቆይም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኖቶቹ ሲቀየሩ በየቤቱ የተቀመጠው አሮጌ ብር በሦስት ወር ውስጥ ባንክ መግባት ነበረበት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቆየው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋና ባንክ ሥራ ሲያቋርጥ ብር ያለው ሰውም ብሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው ጊዜ አለ። ይህን ሰምተው ግን ሁሉን ነገር ወደ እህል አያዙሩ። እህልን ነቀዝ ያውቀዋል። ገበያው ቅርብ፣ ዋጋው የታወቀ፣ ወቅቱም የተረጋጋ ከሆነ ሽጦ መግዛት ከለውጥ ይቀላል።

ለውጥ የኋላ ቀር ዘመን ቅሪት ነው የሚሉም አሉ። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ጎጃም ውስጥ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ሲሠሩ ወንፈሉም የእኩል እርሻውም አልቀረም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ነበረው። ገንዘብ የለመዱ አገሮችም ቀን ሲከፋ ወደ ለውጥ ይመለሳሉ። አርጀንቲና ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. በርናል በተባለች ከተማ ጥቂት ጎረቤቶች የጀመሩት የልውውጥ ማኅበር ከ2001 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በነበረው የባንክ ቀውስ ጊዜ በመላ አገሪቱ ተዛመተ፤ ብዙም ሳይቆይ ተንኮታኮተ። ያፈረሰው ለሂሳብ መያዣ ተብሎ የታተመው ወረቀት ከልክ በላይ መብዛቱና በሐሰት እየተሠራ መሰራጨቱ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለዋወጥ ዋስትና የነበረው መተዋወቅ፣ ማኅበሩ በማይተዋወቁ ሰዎች ሲሞላ ጠፋ። ለቡሬ ወይም ለማንኩሳ ሰው ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ቀላል ነው፦ የሚለዋወጡትን ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ዕድሩንና ቢያጠፋ የሚገሥጸውን ሽማግሌ ይወቁ። እነዚህን የማያውቁለት ሰው ከሆነ በብር ተገበያይተው በሰላም ይለያዩ።

ሁለተኛው እርምጃ ልኩን በዓይን ማየት ነው። ቁና ከቀበሌ ቀበሌ፣ አንዳንዴም ከቤት ቤት ይለያያል፤ ማድጋና ጣሳም ያው ናቸው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለውን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይውሰዱት፦ የተሰፈረበት ዕቃ ራሱ ለመመለሻው ተቀምጦ ይቆይ፤ ተቆልሎ እንደሆነ ወይም አፉ ተጠርጎ እንደሆነ ይነገር። ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዋን በሚይዘው እህል ልክ የምትለውጥበትን ልማድ ያስተውሉ፤ መስፈሪያው የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነውና ማንም ማንንም በቁና ሊያማ አይችልም። የምትቀረው ክርክር አንዲት ናት። ገዢዋ እህሉን እስከ አፉ ትሞላለች፣ ሠሪዋ ማሰሮውን አንሥታ ወዘወዝ ታደርገዋለች፣ እህሉ ዝቅ ይላል፣ ገዢዋ ትጨምራለች። ስንት ጊዜ ይወዝወዝ? ይህችንም ቢሆን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

በክብደት የሚሄዱትን ደግሞ በቁና አይሞክሩ። የቡሬና የወምበርማ ዛላ በርበሬ ውሃ ከተርከፈከፈበት ሚዛን ያታልላል፤ ዛላውን ጨብጠው ሲያጥፉት የሚንኮሻኮሽ እንጂ የሚለመጥ እንዳይሆን። ድንች ሲከርም ውሃው እየወጣ ይቀላል፤ ስለዚህ በሚረከቡበት ቀን ይመዘን። ከሰከላ፣ ከቋሪት ወይም ከደጋ ዳሞት የወረደ ድንች በጃቢ ጠህናን በቆሎ ሲለወጥ ተመኑን ለማግኘት ባለፈው ገበያ ሁለቱ የዋሉበትን ዋጋ ይጠይቁ። ድንቹ በኩንታል 2,000 ብር፣ በቆሎው 3,000 ብር ውሏል እንበል፤ ሦስት ኩንታል ድንች በሁለት ኩንታል በቆሎ ይለወጣል። ብር እጅ ለእጅ ባይነካካም ዋጋው ግን መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። የአህያውን ድካም ማን እንደሚችል አብሮ ይወሰን፤ ብዙ ለውጥ ካለቀ በኋላ የሚኮመጥጠው በጭነት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የዚህ ሁሉ እምብርት የሆነው የወሩ ሂሳብ ነው። በክረምት እህል የተበደረ ሰው ምርት ሲገባ ምን ያህል ይመልስ? አንዱ “በልኩ” ይላል፣ ሌላው “እጥፍ” ይላል። በሒሳብ ካየነው ሁለቱም አንዱን ወገን ይጎዳሉ። በሐምሌ አንድ ኩንታል በቆሎ 4,000 ብር፣ በጥር 3,000 ብር ያወጣል ብለን እናስብ። ሦስት ኩንታል በሐምሌ ያበደረ ሰው 12,000 ብር የሚያወጣ እህል ሰጥቷል። በጥር ሦስት ኩንታል ቢመለስለት የተቀበለው የ9,000 ብር ነው፤ 3,000 ብር ጎድሎበታል፣ ነቀዝ ተከላክሎ እስከ ሐምሌ ያቆየበት ድካምም አልታሰበለትም። ስድስት ኩንታል ቢመለስለት ደግሞ የ18,000 ብር እህል ተቀበለ፤ በስድስት ወር ውስጥ የሰጠውን ግማሽ ያህል አተረፈ፤ ይህ አራጣ ነው፣ በእህል ስለሆነ ስሙ አይለወጥም። የሚያስማማው አራት ኩንታል ነው፦ 12,000 ለ12,000። “በልኩ ካልተመለሰ ወለድ ነው፣ ኃጢአት ነው” ለሚል ሰው መልሱ፣ በልኩ መመለስ የተቀደሰ ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አበዳሪው ስጦታ መስጠቱን አውቆ ይስጥ እንጂ ሳያውቅ አይጎዳ። ለዘመድና ለቸገረው ሰው በልኩ ያበድሩ፤ ለእኩያዎ ግን የሁለቱን ወራት ዋጋ አነጻጽረው ይስማሙ። ዓመት ከፍቶ ጥር ላይ ዋጋው ሳይወርድ ቢቀርስ? ይህንንም ያስገቡ፦ “ዋጋው ካልወረደ በልኩ ይመለስ።” የመመለሻውን ቀን “ምርት ሲገባ” ብለው አይተዉት። የአንዱ በቆሎ በኅዳር ይገባል፣ የሌላው ጤፍ እስከ ጥር አውድማ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሁሉም የሚያውቀውን ቀን ይጥሩ፤ ጥምቀት ወይም ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ለብዙው ሰብል ይመቻል።

ጉልበትን በጉልበት ሲለውጡም ሒሳቡ ያው ነው። መጀመሪያ ወንፈልን ከደቦ ይለዩ፤ በደቦ ሰው የሚጠራው በድግስ ነው፣ የሚመለሰውም በውለታ፤ ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ዕዳ ነው። ደቦ ጠርተው ወንፈል የሚጠብቁ፣ ወንፈል ገብተው እንደ ደቦ የሚረሱ ሰዎች ቅያሜ የሚፈጥሩት ይህን ሳይለዩ ነው። ቀኑን በሥራ ዓይነት ያስሩት፦ የአረም ቀን በአረም ቀን፣ የአጨዳ ቀን በአጨዳ ቀን። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ያረመልዎት ሰው የካቲት ላይ አጥር ቢያጥሩለት ቀኑን እንጂ ዕዳውን አልመለሱም። ተራው ደግሞ ከቀኑ ይልቅ ያጣላል። ስምንት ሰው በተራ ሲተራረም የመጨረሻው ሰው ማሳ በአረም ተውጦ ይጠብቃል፤ ከሁሉ እኩል ሠርቶ ያነሰ ያገኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ዕጣ ይጣል፣ በቀጣዩ ዙር ተራው ከመጨረሻው ይጀምር። ቀን ሲቆረጥ የማይሠራባቸውን በዓላት አስቀድሞ መንቀስ ነው፤ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ፣ በዚህ ላይ ደግሞ የደብሩ ታቦት፤ ያልተቆጠረ በዓል ተራውን ሁሉ ያፋልሳል። የታመመ ሰው ምትክ ይላክ እንደሆነ፣ የወጣት ልጅ ቀን እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠር እንደሆነ ይነገር። ባሏ የሞተባት ሴት ለማረስ ቀን መመለስ ካልቻለች ፈትል፣ ጠላ ጠመቃ ወይም እንጀራ ጋገራ ቀን ተቆጥሮለት ይያዝላት፤ “የሴት ሥራ” ተብሎ ወደ ውለታ ከተገፋ ዕዳዋ የማያልቅ ይሆናል።

ስለ መቀናጆ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለት ባለ አንድ በሬ ሰዎች ቀን ተከፋፍለው ያርሳሉ፣ አለቀ። አንድ ጥያቄ ግን ሁሉም ያፍርበታል፦ በሬው በሌላው ማሳ ቀንበር ላይ እያለ ቢሞትስ? እግዜር አያምጣው ብሎ ማለፍ ደግ አይደለም። ሥጋው ለቅርጫ ሲወጣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሆን፣ የቀረው ኪሳራ እኩል ይሁን ወይም የባለቤቱ ይሁን፣ ቀንበር ከመዋሉ በፊት ይወሰን። በሬ የሌለው ሰው በጉልበቱ በሬ ሲያገኝም ስንት የጉልበት ቀን ለአንድ ጥማድ ቀን እንደሚቆጠርና ቀኖቹ መቼ እንደሚመለሱ ይቆረጥ። ባለ በሬው ሁልጊዜ በራሱ የዘር ቀን ከጠራው የባለ ጉልበቱ ማሳ ዘር ያልፍበታል።

መሬት ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል፤ ስለዚህ በእኩልም በሲሶም የሚለወጠው የተወሰነ ጊዜ ምርት ብቻ ነው። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይዞታን ለሌላ ሰው ማከራየትን ይፈቅዳል፤ ውሉን በጽሑፍ አድርገው በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ለሁለቱም ወገን መከታ ነው። ከሁሉ በላይ ወለድ አገድን ይሽሹ። እህል ወይም ብር ተበድሮ “እስክመልስልህ እረሰው” ብሎ ማሳ መስጠት ቀን የሌለው ውል ነው፤ አራሹ በየዓመቱ ምርት ይወስዳል፣ ዕዳው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ወደ እኩል ስንመለስ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፦ እኩል የሚባለው ራሱ የድኻ መበዝበሪያ ነው፤ በሬ የሌላት አሮጊት ግማሽ ምርቷን ታጣለች። እውነት አለው። ግን አማራጯን ማየት ይገባል፦ ማሳው ጦም ቢያድር ሙሉውን ታጣለች፣ በብር ብታከራይ ደግሞ ክረምት ሳይመጣ ብሩ ያልቃል። በደሉ ያለው ግማሹ ላይ አይደለም፤ ግማሹ የምን ግማሽ እንደሆነ ባለመነገሩ ነው። ዘሩን ማን ያወጣል፣ ከክፍፍል በፊት ይነሣል ወይ? ኤንፒኤሱንና ዩሪያውን ማን ይገዛል? ጭዱና የበቆሎ አገዳው የማን ነው? ጭድ በበጋ መጨረሻ ዋጋ አለው፤ ዝም ከተባለ አራሹ ይዞት ይሄዳል። ክፍፍሉ አውድማ ላይ፣ አንዲት ቁና ከመነሣቷ በፊት፣ ባለ መሬቷ ወይም የምታምነው ሰው ባለበት ይሁን። እሸት የተበላውም ይታሰብ።

ዘር በእህል ሲለውጡ የሰብሉን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። የጎረቤትዎ ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ገብስ ጥሩ ሆኖ ካዩት ዘሩን ቢለውጡት ያው ዝርያ ይበቅልልዎታል። በቆሎ ግን ከገበያ የተገዛ ዲቃላ ዘር ከሆነ፣ ለምሳሌ ቢኤች 660፣ ከምርቱ ተይዞ እንደገና ሲዘራ ምርታማነቱ ይቀንሳል። ማሳው ያማረበት ሰው ለዘር ብሎ ቢሰጥዎት ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ እርስዎ ግን በእህል ዋጋ እንጂ በዘር ዋጋ አይለውጡት። የድንች ዘር ደግሞ አጠውልግ በሽታን ይዞ ይጓዛል፤ በሽታው አፈር ውስጥ ቆይቶ ተመልሶ የሚተከለውን ድንች ስለሚያገኝ ከታመመ ማሳ የመጣ አንድ ጆንያ በነጻም ውድ ነው። ማሳው ሳይቆፈር በፊት ሄደው ይዩት።

የመጨረሻው እርምጃ መጻፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸሸውም ይኸው ነው። “ከጎረቤቴ ጋር ወረቀት መያዝ አለማመን ነው” ይባላል። ጎጃም ውስጥ መዝገብን መጠርጠር የቆየ ምክንያት አለው፤ በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ መሬቱ ሊለካበት እንደሆነ የጠረጠረው ገበሬ ማመፁ ይታወሳል። ያ ግን ከላይ የመጣ መዝገብ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች ለራሳቸው የሚጽፉት ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሲረሱ ወይም አንዱ ሲሞት ለቀረው ይመሰክራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዕቃን በዕቃ መለወጥን እንደ ማንኛውም ውል ያውቀዋል፤ ነገሩ ከሽማግሌ አልፎ ፍርድ ቤት ቢደርስ ብር አልነበረበትም ተብሎ አይጣልም። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። ለርቢ የተሰጠች ላም ውል ይህን ቢመስል ይበቃል፦ “ሰኔ 10 ቀን። አንዲት ቀይ ላም፣ ግራ ቀንዷ የተሰበረ፣ ሁለት የወለደች፣ ለርቢ ተሰጠች። ወተቱና ኩበቱ የጠባቂ። መጀመሪያ የምትወልደው የጠባቂ፣ ቀጥሎ የምትወልደው የባለቤት። የክትባትና የጨው ወጪ እኩል። ብትሞት ቆዳዋ በዚያው ቀን ለባለቤት ይታያል። ውሉ በሦስተኛው ዓመት ጥር 21 ያበቃል፤ ያን ቀን በሆዷ ያለው የባለቤት ነው።” በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሦስተኛ ቅጂ ለሽማግሌው ቢሰጥ አይጠላም። ማንበብ ለማይችለው ወገን ጣቱን ከማኖሩ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለት፤ የሁለቱም ቤት ትልልቅ ልጆች ቆመው ይስሙት፤ በሦስተኛው ዓመት ላሟን ለመንዳት የሚመጣውና በረቱን ከፍቶ የሚያስረክበው ምናልባት እነሱ ናቸው።